ስትሄድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ስትመለስ ሃያ ሰዓት ተኩል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ቡታጅራ ሲሆን አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። በሐምሌ እኔ ጋ መጥታ ለመስቀል አገሯ መግባት አለባት። ለመስቀል ቤቷ ካልተገኘች ነገሩ ሁሉ ይቀራል። ታዲያ ወንድሜ ትኬቱን ሲያነብላት ግራ ተጋባች። ከቦሌ የምትነሳው 22:30 ነው፣ ዋሽንግተን ደለስ የምትደርሰው በማግስቱ 08:00። ስትመለስ ከደለስ 11:00 ተነስታ ቦሌ የምትገባው በማግስቱ 07:30። «ስሄድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ስመለስ ሃያ ሰዓት ተኩል? መመለሻው እንዲህ ከራቀ እኔ አልችለውም፣ ጉልበቴ አይፈቅድም» ብላ ልትቀር ነው። እኔም ላስረዳት ብሞክር አቃተኝ። ርቀቱ ስንት ነው? ስንት ሰዓትስ ትቀመጣለች? ደግሞ ስትመጣ አውሮፕላኑ ደብሊን ያርፋል፣ ስትመለስ ግን በቀጥታ ነው ተባልኩ። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን ሁለት ዓይነት ይሆናል?

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ ያለ ምክንያት አልፈራችም። ትኬቱን እንዳለ ለሚያነብ ሰው ቁጥሩ የሚለው ያንኑ ነው። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚረዝመው መምጫዋ ነው፣ መመለሻዋ ያጥራል። ስትመጣ 16 ሰዓት ተኩል፣ ስትመለስ 13 ሰዓት ተኩል። ዛሬውኑ ደውለሽ ይህን ንገሪያት፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች አንብቢላት።

ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው። መነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት ተጽፏል፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት። በሁለቱ መካከል በሐምሌም በመስከረምም የ7 ሰዓት ልዩነት አለ፤ አሜሪካኖች ጥቅምት መገባደጃ ላይ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 8 ይሆናል። እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር ልቁጠርልሽ። 22:30 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ደለስ ስትደርስ የዋሽንግተን ሰዓት ከጠዋቱ 2 ይላል፤ በዚያች ደቂቃ ቡታጅራ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ከምሽቱ 4 ተኩል እስከ ቀኑ 9 ስትቆጥሪ 16 ሰዓት ተኩል ነው። ስትመለስ ደግሞ 11:00 ማለት የዋሽንግተን ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ አገር ቤት ያን ጊዜ ምሽት 12 ሰዓት፣ ከብት የሚገባበት ሰዓት ነው። ቦሌ የምትገባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል። ከምሽት 12 እስከ ጠዋት 1 ተኩል፣ 13 ሰዓት ተኩል። እናትሽ የእጅ ሰዓት የምታስር ከሆነ በበረራ ላይ እንዳትነካው። የአገር ቤት ሰዓቷን ይዛ ከተቀመጠች ምን ያህል እንደሄደችና ምን ያህል እንደቀራት ራሷ ታውቀዋለች፣ ማንንም አትጠይቅም።

ርቀቱን በተመለከተ፣ ከቦሌ እስከ ደለስ በምድር ላይ በጣም አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብሊን ሲታረፍ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ደለስ 5,460፣ ድምሩ 11,830 ገደማ ይመጣል። ትርፉ 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ እናትሽ አዲስ አበባ ደርሳ ቡታጅራ ብትመለስ የምትሄደውን ያህል ማለት ነው። በአውሮፕላን የ20 ደቂቃ መንገድ ነው። ስለዚህ የመምጫውን ሰዓት የሚያረዝመው የደብሊን መንገድ ጠማማነት አይደለም። ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የቦሌ ከፍታና የአትላንቲክ ነፋስ።

እኔ ቦሌ የበረራ ዕቅድ ክፍል ውስጥ 31 ዓመት ሠርቻለሁ። ካፒቴኑ ከመሳፈሩ በፊት በየት እንደሚሄድ፣ ስንት ቶን ነዳጅ እንደሚቀዳ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ማስላት የኛ ሥራ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከጠረጴዛዬ ያልጠፋ ቁጥር ቢኖር 2,334 ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ያለበት ከፍታ በሜትር ይኸው ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እናትሽ ይህን ከምድጃዋ ታውቀዋለች፤ ደጋ ላይ ንፍሮ የሚዘገየው አየሩ ስለሚሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ጅቡቲ ላይ 100 ይደርሳል። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ክንፉ የሚደገፈው በአየር ነው፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ መሮጥ ይኖርበታል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን ለሙሉ ጭነት አይበቃም። ጎማውም ቢሆን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መሬት ላይ እንዲሽከረከር አይፈቀድለትም።

አሁን ነዳጁን አስቢው። ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ታንኩ ሲሞላ 126,000 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሲመዘን ወደ 100 ቶን ነው። በአየር ላይ በየሰዓቱ 5 ቶን ገደማ ያቃጥላል። ከቦሌ ደለስ ነፋስን ፊት ለፊት እየገፋ በቀጥታ ለመሄድ የሚያስፈልገውን ነዳጅ፣ በዚያ ላይ ደለስ ቢዘጋ ወደ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰውንና ተጨማሪ 30 ደቂቃ በአየር ላይ የሚያቆየውን መጠባበቂያ ቀድተን መንገደኛውን ሁሉ ብንጭን፣ አውሮፕላኑ ከቦሌ አይነሳም። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሰው ማውረድ፣ ወይ መንገድ ላይ መቅዳት። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው ቢያንስ 100 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ቶን ነዳጅ በተጨመረ ቁጥር አሥር ሰው ገደማ ይቀራል ማለት ነው። የዋሽንግተን መንገደኛ ሻንጣ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ለጎረቤት ልጅ የተላከው ነጠላ። ያንን ሻንጣ የጫነ ሰው መሬት ላይ ሲቀር ማየት ከባድ ነው። ለዚህ ነው ግማሹን ነዳጅ ይዞ ተነስቶ ደብሊን የሚሞላው።

ደለስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 95 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ወፍራም ነው። አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣ ይዞ ከዚያ ይነሳል፤ ወደ ቦሌ ሲመጣ ነዳጁ አብዛኛው ተቃጥሎ ቀሏል፣ ለማረፍ ከፍታው ያን ያህል አያስቸግረውም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። እኔ ስለዚያ ማረፊያ ሲወራ የምደሰተው ስለ ሕንፃው ስፋት አይደለም፣ ስለዚያች 400 ሜትር ነው። በ400 ሜትር ውስጥ ብዙ ቶን አለ።

ነፋሱ ደግሞ ይህን ይመስላል። በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ የአየር ወንዝ አለ። በፈረንጆቹ ክረምት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው፣ በሐምሌ ረገብ ይላል። አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ነፋሱ 100 ቢሆን ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከመሬት አንጻር 800 ብቻ ይሄዳል፣ ሲመለስ 1,000። ከደብሊን ደለስ ያለውን 5,460 ኪሎ ሜትር ብቻ ብታሰዪው፣ ሲሄድ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጃል፣ በተቃራኒው ቢሆን 5 ሰዓት ተኩል ገደማ። በአንድ ባሕር ላይ ብቻ የአንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ልዩነት ይወጣል። በዚህ ላይ ደብሊን ለማረፍ መውረዱ፣ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ገደማ መቆሙ፣ እንደገና መነሳቱ ሲጨመር የመምጫና የመመለሻው ልዩነት ሦስት ሰዓት ይሞላል። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ በአየር ላይ ያለውን ብቻ አይቆጥርም፤ ከበሩ ተነስቶ በሩ ላይ እስኪቆም ነው።

ማረፊያው በየጊዜው ይለወጣል። ቀደም ባሉት ዓመታት ሮም ነበር፤ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል የሚሄድም አለ። ሎሜ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ስላላለ ከዚያ ሞልቶ መነሳት ይቻላል፣ ግን መንገዱ ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወንድምሽ ትኬቱ ላይ ሎሜ የሚል ከተለወጠበት ጊዜው ትንሽ እንደሚጨምር ይወቅ።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ሁለት ነገር ልንገርሽ፤ እነዚህን ሳልናገር ብዘጋው ሕሊናዬ አያርፍም።

አንደኛ፣ ደብሊን ላይ እንዳትወርድ። አውሮፕላኑ አርፎ፣ ውጭው ጎህ እየቀደደ፣ ከፊት ያለው ሰው ሲነሳ ስታይ «ደረስኩ» ብላ ቦርሳዋን ይዛ ትነሳለች። ይህን ብዙ እናቶች አድርገውታል። ነዳጅ ለመሙላት ብቻ ሲያርፍ መንገደኛው ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው አይወጣም። ስለዚህ ወንድምሽ እንዲህ ይበላት፦ «መጀመሪያ ሲያርፍ አገሩ አየርላንድ ነው፣ ተቀመጪ፤ ሁለተኛ ሲያርፍ ውረጂ።» ሁለት ማረፍ መሆኑን በጣቷ ትቁጠር። ከደብሊን ሲነሳ ደግሞ አውሮፕላኑ ከፀሐይ ጋር አብሮ ወደ ምዕራብ ስለሚሮጥ ጠዋቱ ቶሎ አያልቅም፣ ለሰዓታት ጠዋት ሆኖ ይቆያል። ጊዜው የቆመ እንዳይመስላት አስቀድማችሁ ንገሯት።

ሁለተኛው የሌሊቱ ቀን ነው። እናትሽ የምትነሳው ከምሽቱ 4 ተኩል ስለሆነ ቀኑ አያደናግርም። ግን ፕሮግራሙ ተቀይሮ ከእኩለ ሌሊት ካለፈ ተጠንቀቁ። አንድ ምሽት ከሥራ ስወጣ አንድ ሽማግሌ አባት ከነቤተሰባቸው መግቢያው በር ላይ ቆመው አየሁ፤ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሸኚ፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ትኬታቸው የ14ኛው ቀን 00:30 ይላል። እሳቸው በ14ኛው ቀን ማታ መጥተዋል። እንደኛ አቆጣጠር ሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገና የ13ኛው ቀን ሌሊት ነው፤ ለኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ለትኬቱ ግን እኩለ ሌሊት ሲያልፍ 14 ገብቷል። አውሮፕላኑ ከሄደ 20 ሰዓት ሆኖታል። አባትየው ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው «ልጄ ቆሞ ይጠብቀኛል» ሲሉ ሰማሁ። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከ00:00 እስከ 05:59 ባለው ሰዓት የተጻፈ ትኬት ካያችሁ፣ ቦሌ የምትሄዱት ከተጻፈው ቀን በፊት ባለው ምሽት ነው። ቀኑንም በእኛ የዘመን አቆጣጠር ለውጣችሁ፣ የሳምንቱን ቀን ስም አክላችሁ በትልቁ ጻፉላት። «ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቦሌ እሆናለሁ» ካለች በቂ ነው።

ጉልበቷን በተመለከተ ወንድምሽ ዊልቸር እንዲጠየቅላት ትኬት ቢሮ ይንገር፤ ባትታመምም ሁለቱም ጫፍ ላይ የሚመራት ሰው ታገኛለች። የጾም ምግብ ከፈለገችም አስቀድሞ ይታዘዝ፤ ሐምሌ መጨረሻ ከመጣች ፍልሰታ ቅርብ ነው። መድኃኒት ካላት ከእጇ አይለይ፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። በየሁለት ሰዓቱ ተነስታ መተላለፊያው ላይ ትራመድ፣ ውሃ ትጠጣ። ቋንጣ አታስይዟት፣ ሥጋ አሜሪካ አያስገቡም።

ለመስቀል ትደርሳለች።

ጥያቄ፦ ስለዚሁ መንገድ ርቀት ሦስት ቦታ ሦስት ቁጥር አገኘሁ፤ 11,560፣ 7,180 እና 6,240። የቱ ነው ትክክል? (ከዳላስ)

መልስ፦ ሦስቱም አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው አሜሪካኖች በመንገዳቸው ላይ የሚጠቀሙበት ማይል (1.609 ኪሎ ሜትር)፣ ሦስተኛው የባሕር ማይል (1.852 ኪሎ ሜትር)። እኛ በረራ ስናቅድ የምንሠራው በሦስተኛው ነው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ ወንድሜ፣ ከደሴ ነው የምጽፍልዎት። ልጄ ደለስ አካባቢ ይሠራል። ጠይቆኝ ሲመለስ የአውሮፕላኑን ጉዞ በስልኬ ካርታ እከታተላለሁ፤ እንቅልፍ አይወስደኝም። መስመሩ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይቆለመማል፣ አውሮፓ ድረስ ይወጣል። በካርታው ላይ ማስመሪያ ባስቀምጥ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታንያ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይሻገራል። እንዲያ ቢሄድ ልጄ ቶሎ አይደርስም ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማስመሪያ ማስቀመጥዎን ወደድኩት፤ እኔም ሥራ ስጀምር ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ግን የስልክዎ ካርታ ክቡን ምድር አሥፍቶ የዘረጋ ወረቀት ነው፣ ወደ ሰሜን በወጡ ቁጥር አገሩን ይለጥጠዋል። እርስዎ ያሰመሩት ቀጥታ የሚመስለው የማሊ መንገድ ሲለካ 12,090 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአጭሩ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። እውነተኛው አጭር መስመር ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነስቶ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ ያልፋል። ከዚያም አትላንቲክ መሃል ከደለስም በላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ 45ኛው ኬክሮስ አጠገብ ይደርስና ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደለስ ይወርዳል። ደብሊን ከዚህ መስመር ያን ያህል ሩቅ ያልሆነው ለዚህ ነው።

በእርግጥ አውሮፕላኑ ይህን መስመር እንዳለ አይከተልም። የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ከተጀመረ ወዲህ በዚያ ሰማይ ያልፉ የነበሩ በረራዎች ዞረው ለመሄድ ተገደዋል፤ ነፋሱም በየቀኑ መንገዱን ያስለውጣል። ልጅዎ ወደ እርስዎ ሲመጣ ከነፋሱ ጋር ስለሚበር መስመሩ ሲሄድ ካዩት የተለየ ቢሆን አይደንግጡ።

እንቅልፍ እምቢ ባለዎት ሌሊት ይህን ይሞክሩ። አንድ ትልቅ ብርቱካንና አንድ ክር ይያዙ። እምቡጡ ያለበትን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው ሰሜን ነው ይበሉት፣ መሃሉን ወገብ። ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብለው በእስክሪብቶ ለአዲስ አበባ አንድ ነጥብ ያድርጉ፤ ከዚያ የዙሪያውን ሲሶ ያህል ወደ ግራ ዞረው፣ ከወገቡ እስከ ጫፉ ባለው ግማሽ መንገድ ገደማ ላይ ለደለስ ሌላ ነጥብ ያድርጉ። የክሩን አንድ ጫፍ በአውራ ጣትዎ አዲስ አበባ ላይ ይያዙና ሌላውን ደለስ ላይ አድርገው በማሊ በኩል ልል አድርገው ያስተኙት። ከዚያ ቀስ ብለው ይሳቡት። ክሩ እየተወጠረ ሲሄድ ማንም ሳይገፋው ከማሊ ተነስቶ በራሱ ወደ ሰሜን ይንሸራተታል።